በቧንቧ ስለሚደርሰን የዕለት ሩብ ኪሎ ድንጋይ

ለተከበሩ የከተማችን የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሳንጠይቅ ስለተሰጠን ድንጋይ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ እርስዎን፣ ቤተሰብዎንና በተለይም የቤትዎን የውሃ ማሞቂያ በሙሉ ጤንነት እንድታገኝ ከልቤ እመኛለሁ። ስለ እኛ ደኅንነት ለማወቅ ከፈቀዱ፣ እኔ፣ ባለቤቴና አብረውን የሚኖሩት አማቴ ተመስገን ደህና ነን፤ የእኛ ማሞቂያ ግን ባለፈው ዓመት ከዚህ ዓለም ድካም አርፏል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ደብዳቤ ስቀበል፣ ቁጥር ስሰጥና በፋይል ሳስር ስለኖርኩ፣ አንድ አቤቱታ ከመስኮት ተነሥቶ ጠረጴዛ እስኪደርስ ምን ያህል እንደሚደክመው ከማንም በላይ አውቃለሁ። ስለዚህ ለእርስዎ ከላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ሁለቱ የውሃ ሽታ ሆነው ሲቀሩ አልተቀየምኩም፤ ለውሃ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ የውሃ ሽታ ቢሆን ምን ይገርማል። ሦስተኛው መልስ አግኝቷል፤ እሱን በቦታው አነሣዋለሁ። ይህን አራተኛውን በአደባባይ የምጽፈው፣ እርስዎ ጊዜ እስኪያገኙ ድረስ ጎረቤቶቼ እንዲያነቡልዎ ብዬ ብቻ ነው። በቀድሞ ሙያዬ ልማድ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ማሞቂያችን አሟሟት። ማሞቂያው በተገዛ በአራተኛ ዓመቱ በቆሎ እንደሚያፈነዳ ብረት ድስት ይንጣጣ ጀመር። ባለቤቴ «ይሄ ነገር የሚያወራው ከማን ጋር ነው?» ስትል፣ እኔ «አርጅቶ ነው፤ ሽማግሌ ብቻውን ያወራል» አልኳት። በሁለተኛው ሳምንት ዝም አለ። የሠፈራችን ሰው በሥራው ፍጥነት የተነሣ «ቀስ በቀስ» ብሎ የሚጠራው ቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ፈታው፣ ግቢ ውስጥ ገልብጦ በመዶሻ ሆዱን መታ መታ አደረገውና ነጭ ቅርፊት እንደ ተሰበረ ሰሐን እየተንኮሻኮሸ መውረድ ጀመረ። የልብስ ማጠቢያ ሳፋችንን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ተደፋ። ውሃውን የሚያሞቀው ብረት ራሱ ጄሶ እንደ ታሰረ ክንድ ወፍሯል። ቀስ በቀስ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ማሞቂያ አይደለም፣ የኖራ መጋዘን ነው። ውሃው እንደ ድንገተኛ እንግዳ ጥግ ይዞ ነው የከረመው» አለኝ። መሥሪያ ቤትዎ ውሃ ብቻ የሚያድል መስሎን ስለኖርን፣ የግንባታ ዕቃም በነፃ እንደሚያቀርብ በዚያ ቀን በማወቃችን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፦ ስለ ባለቤቴ ሙያ። እዚህ ላይ ትንሽ ብረዝም ይታገሡኝ። ባለቤቴ ፀጉር ሠሪ ናት። የቤታችንን የፊት ለፊት ክፍል ሁለት መስታወት፣ ሦስት ወንበርና አንድ የፀጉር መታጠቢያ ገንዳ አስገብታ ሃያ ዓመት ሠርታበታለች። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ግን ሻምፖው አልታዘዝ አላት። በመዳፏ ሙሉ ብትጨምር አረፋው ብቅ ብሎ መልሶ ይጠፋል፤ ታጥቦ የደረቀው ፀጉር ደግሞ እንደ አሮጌ ገመድ ይሻክራል። ሻምፖ ቀየረች፣ ቅባት ቀየረች፣ አስተጣጠቧን ቀየረች። ያልቀየረችው እኔን ብቻ ነው።

የዐሥራ አንድ ዓመት ደንበኛዋ የነበረች፣ ከእኛ አራተኛው በር ላይ የምትኖር ነርስ አለች። አንድ ቅዳሜ ሳትመጣ ቀረች፤ በሚቀጥለውም ቀረች። ስትጠየቅ በትሕትና «መንገዱ ራቀኝ» አለች። በሦስተኛው ቅዳሜ ባለቤቴ በመስኮት ስትመለከት፣ መንገዱ የራቃት ነርስ አስፋልቱን ተሻግራ ከፊት ለፊታችን ካለው ፀጉር ቤት ስትገባ አየቻት። ባለቤቴ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የሻምፖ ጠርሙሶቹን በቁመታቸው ልክ መደርደሪያው ላይ ደረደረች፣ ፎጣዎቹን አጠፈችና፣ «እጄ ሳይከዳኝ አልቀረም። ወሩ ሲያልቅ ክፍሉን ላከራየው ነው» አለችኝ። ይህን ያለችው ዳቦ አልቋል እንደሚል ሰው ቀስ ብላ ነው። እኔ የአንዱን ሻምፖ ከሌላው የማልለይ ሰው ነኝ፤ ያንን እጅ ግን ሃያ ዓመት አውቀዋለሁና አላመንኳትም።

ከሰዓት በኋላ ራሴ ተሻገርኩ። የፊት ለፊቷን ፀጉር ሠሪ እጄን ልታጠብ ብዬ ለመንኳት። ክቡር ሆይ፣ ባለቤቴ ከምትጠቀምበት ሻምፖ፣ ከዚያው ከራሱ ዓይነት፣ አንዲት ጠብታ እጄ ላይ ባደርግ አረፋው እስከ አንጓዬ ወጣ። እንደ ልጅ አረፋውን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። ሴትየዋ አዝናልኝ፣ «የእናንተ ወገን እኮ ከጥቂት ዓመት ወዲህ ከጥልቅ ጉድጓድ ነው የሚመጣለት፤ የእኛ ከግድቡ ነው። አታውቁም እንዴ?» አለችኝ። አናውቅም ነበር። ነጩ የመንገድ መሐል መስመር መኪናን ከመኪና ብቻ ሳይሆን ውሃንም ከውሃ የሚለይ ድንበር መሆኑን ሳይነግሩን፣ በራሳችን እንድንደርስበት ስለተዉን ለአእምሯችን ያሳዩት ከበሬታ አይረሳም።

ሦስተኛ፦ ስለ መልስዎ። ማሞቂያችን በሞተ ሰሞን በላክሁት በሦስተኛው ደብዳቤዬ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ ቤታችን የሚመጣው ውሃ ምን ያህል ድንጋይ ይዟል የሚል። ከአራት ወር በኋላ፣ እጄን አረፋ ውስጥ በነከርኩበት በዚያው ሳምንት፣ ማኅተም ያረፈበት መልስ ደረሰኝ፤ «የውሃው ጥራት ደረጃውን የጠበቀ ሲሆን በውስጡ የሚገኘው ማዕድን ለአጥንት ጠቃሚ ነው» ይላል። ማኅተሙ ውብ ነው። አማቴ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡትና፣ «ለአጥንትስ ይጥቀም። ማሞቂያው ምን አጥንት አለው?» ብለው መለሱልኝ። ይህን ጥያቄያቸውን በዚህ አጋጣሚ ለሚመለከተው ክፍል እንዲያስተላልፉልን እንለምናለን።

አራተኛውን ባለቤቴ አንብባ አሰርዛኛለች። ስለ መሥሪያ ቤትዎ የመጸዳጃ ቤት ቧንቧ ነበር።

አምስተኛ፦ ስለ መስኮቶችዎ። መልሱ አጥንት እንጂ ቁጥር ስላልነበረው፣ በጠርሙስ ውሃ ቀድቼ ራሴ መጣሁ። መስኮት ሁለት ወደ መስኮት ሰባት መራኝ፣ ሰባት ወደ አራት፣ አራት ደግሞ ፈገግ ብሎ ወደ ሁለት። የበር ጥበቃው ለሦስተኛ ጊዜ ሲያየኝ «አባት፣ ከጠማዎት ይጠጡት እንጂ ምን ያንከራትትዎታል?» አለኝ። በመጨረሻ ከአዳራሹ ጀርባ በጠባብ ኮሪደር አልፌ የላብራቶሪ ባለሙያዋ ዘንድ ደረስኩ። መልኳንና ቁመቷን አልገልጽም፤ መሥሪያ ቤትዎ ውስጥ ያለ ቀጠሮ የሚያናግር ሰው አንድ ብቻ ስለሆነ መግለጹ ማጋለጥ ነው።

ጠርሙሱን ተቀብላ ጥቂት ውሃ በብርጭቆ ለካች፤ አንድ ነገር ጠብ ስታደርግበት ውሃው ወይን ጠጅ መሰለ። ከዚያ ከቀጭን ቱቦ ጠብታ በጠብታ እየጨመረች ብርጭቆውን ታሽከረክር ጀመር። ቀዩ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ ቆመች፣ ቱቦው ላይ የጨመረችውን መጠን አየችና ከንፈሯን መጠጠች። «ሦስት መቶ ሰማንያ» አለችኝ። በሊትር ሦስት መቶ ሰማንያ ሚሊግራም ድንጋይ ማለት ነው። ከስድሳ በታች ለስላሳ ይባላል፤ ከመቶ ሰማንያ በላይ ደግሞ እጅግ ጠጣር ውሃ ነው። ደንግጬ ስጠይቃት፣ ድንጋዩ ካልሲየምና ማግኒዚየም እንደሆነ፣ ለመጠጣት እንደማይጎዳ፣ ነገር ግን ሲሞቅ እየጋገረ ማሞቂያ እንደሚደፍን፣ ሳሙናንም አረፋ ከመሆኑ በፊት ይዞ እንደሚያመክነው አስረዳችኝ። «የባለቤትዎ እጅ ምንም አልሆነም። ሻምፖውን የሚበላባት ውሃው ነው» አለችኝ። ቁጥሩን ጽፋ እንድትሰጠኝ ስለምናት ዐይኗን ወደ በሩ ወርወር አድርጋ፣ «መጻፍ አልተፈቀደልኝም። መናገር ግን እስካሁን የከለከለኝ የለም» አለች። እሷ ተናገረች፣ እኔ ጻፍኩ። ሊቀጧት ካሰቡ እባክዎ በዕድገት ይቅጧት።

የመዝገብ ቤት ሰው ቁጥር ሲያገኝ ዝም አይልም። ሦስት ሰው እያንዳንዱ መቶ ሃያ ሊትር፣ ዘጠኝ ፀጉር እያንዳንዱ ሠላሳ ሊትር፣ በድምሩ በቀን ስድስት መቶ ሠላሳ ሊትር። በሦስት መቶ ሰማንያ ሲባዛ በየቀኑ ሩብ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ድንጋይ ቤታችን ይገባል። ጫኝና አውራጅ ሳይፈለግ፣ እሑድ ሳይቀር፣ ፈሳሽ ሆኖ። ከመሥሪያ ቤትዎ አገልግሎቶች ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ተቋርጦ የማያውቀው ይኸኛው ነው። ውሃው ሲጠፋ እንኳ ድንጋዩ ቧንቧው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀናል።

የዚያን ዕለት እየሮጥኩ ቤት ገባሁ ማለት ይቻላል። ባለቤቴ ወንበሮቹን በጨርቅ እየሸፈነች ነበር። «እጅሽ አይደለም» አልኳት። ወረቀቱን አሳየኋት። ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ከአንደኛው ወንበር ላይ ጨርቁን አነሣችና ተቀመጠችበት።

ስድስተኛ፦ ስላስተማሩን ትምህርት። ቁጥሩን ቢያትሙልን ኖሮ በአንድ ቀን የምናውቀውን በሦስት ወር እንድንማረው ስላደረጉ፣ ዕውቀታችን ጥልቅ ሆኗል።

በመጀመሪያ ሠፈሩ «ሁሉ አወቅ» የሚለው የባለቤቴ ወንድም አንድ ማግኔት ይዞ መጣ። ቧንቧው ላይ ካሰረው በኋላ፣ «ማግኔቱ ድንጋዩን ግራ ያጋባዋል። ግራ የተጋባ ድንጋይ ደግሞ የሚጣበቅበትን ይረሳል» ብሎ አስረዳን። እኔ ከጌጥ ዓሣ መሸጫ ሱቅ ውሃ ውስጥ ሲነከር ቀለሙን የሚቀይር መመርመሪያ ወረቀት ገዝቼ ነበርና በየሳምንቱ ነከርኩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ማግኔቱ ከውሃው አንዲት ቅንጣት ሳይዝ ዐሥራ አራት የባለቤቴን የፀጉር ሽቦዎች ያዘ። አማቴ «ግራ የተጋባውስ ልጄ ነው» አሉ፣ ማግኔቱም ለሽቦ መልቀሚያነት ወደ ፀጉር ቤቱ ተዛወረ። እዚያ በደንብ ያገለግላል።

ቀጥሎ አንድ ባለሱቅ «ይሄ ሁሉን ያጣራል» ብሎ የከሰል ማጣሪያ ሸጠልኝ። ውሃው ጣዕሙ አማረ፤ ወረቀቱ ግን ያንኑ ቀለም አሳየኝ። ወደ ባለሙያዋ ተመልሼ ብነግራት ሳቀች፤ «ሻይ ውስጥ የሟሟ ስኳር በማጥለያ ይቀራል? ማጣሪያ ማለስለሻ አይደለም። አንዱ ቆሻሻና ሽታ ይይዛል፣ ሌላው የሟሟውን ድንጋይ ያወጣል» አለችኝ። ያለ ጨው ይሠራል ስለሚባለው ሦስተኛ ዕቃም ጠየቅኋት። ቢሳካለት ድንጋዩ ብረት ላይ እንዳይጋገር ያግዝ ይሆናል እንጂ ከውሃው አያስወጣውም፣ ስለዚህ ለሻምፖው አይበጅም አለች። ከዚያም ከትምህርቴ ሁሉ የሚበልጠውን ምክር ጨመረችልኝ፦ «ሻጩ ፊት ወረቀቱን አውጥተው ሲገባና ሲወጣ ይለኩ። መለካት የማይወድ ሻጭ ካጋጠመዎት ደህና ዋል ብለው ይውጡ።» አራት ሻጮችን ደህና ዋሉ አልኳቸው። አምስተኛው ራሱ ወረቀት አቀበለኝ።

እውነተኛው ውሃ ማለስለሻ ሁለት በርሜል ነው። በአንደኛው ውስጥ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ የደቀቁ፣ ሶዲየም ያዘሉ ዶቃዎች አሉ። ጠጣሩ ውሃ ሲያልፍባቸው ዶቃዎቹ ድንጋዩን ይይዙና በምትኩ ሶዲየማቸውን ይለቃሉ። ዶቃዎቹ በድንጋይ ሲጠግቡ ከሁለተኛው በርሜል ጨው የበዛበት ውሃ መጥቶ ያጥባቸዋል፤ ድንጋዩ ወደ ፍሳሽ ይወርዳል፣ ዶቃዎቹም እንደ አዲስ ይጀምራሉ። ይህን ተረድቼ ዕቃውንና አንድ ጆንያ ጨው ጭኜ ስደርስ ያልጠበቅሁት ተቃውሞ ገጠመኝ። አማቴ ደም ግፊት አለባቸው፤ ሐኪም ጨው ቀንሱ ካላቸው ሁለት ዓመት ሆኗል። ግቢ ውስጥ ጆንያው ላይ ተቀመጡበት።

«ጨው ቀንሺ የተባልኩ ሴት ቤት ጨው በጆንያ ይገባል?» አሉ።

«እማዬ፣ ጨው እኮ ዶቃዎቹን ለማጠብ ነው፤ ታጥቦ ወደ ፍሳሽ ነው የሚሄደው» አልኳቸው። ሻጩም ያለኝ ይህንኑ ነበር።

አሰብ አደረጉና፣ «ድንጋዩ ዶቃው ላይ ሲቀመጥ የሚነሣው ምንድን ነው አልከኝ?» አሉ።

«ሶዲየም።»

«ሶዲየም ጨው ውስጥ ያለው ነው አይደል፣ ሐኪሙ የሚቆጣኝበት?»

«አዎ።»

«እሱስ ከተነሣ በኋላ የት ይሄዳል?»

የሚሄደው ወደ ብርጭቋቸው ነበር። ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን ውሃው ጠጣር በሆነ ቁጥር የሚለቀቀውም ይጨምራል፣ የእኛ ደግሞ ሦስት መቶ ሰማንያ ነው። አምስት ሻጮችና አንድ ጡረተኛ ያልደረሱበትን ነጥብ አማቴ ጆንያ ላይ ተቀምጠው በሦስት ጥያቄ አገኙት። ሐኪማቸውም በሚቀጥለው ቀን ልክ ነዎት አላቸው። ስለዚህ ቀስ በቀስ የወጥ ቤቱን ቀዝቃዛ ቧንቧና የአትክልቱን መስመር ከማለስለሻው በፊት ለይቶ ቀጠለልን። አማቴና ጽጌረዳዎቹ እንደ ድሮው የእርስዎን ድንጋይ ይጠጣሉ፣ አጥንታቸውም ይጠነክራል።

ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ሌላም ክርክር ነበር፤ ሰዓት ቆጥሮ በየሦስት ቀኑ የሚታጠበውን እንግዛ ወይስ ያለፈውን ውሃ ለክቶ ሲያስፈልግ ብቻ የሚታጠበውን? ባለቤቴ ናት የወሰነችው። «ማክሰኞ ሁለት ሰው፣ ቅዳሜ ዐሥራ አምስት ሰው አጥባለሁ። ሰዓቱ ይሄን በምን ያውቃል?» አለች። ውሃ የሚለካውን ገዛን፤ በአምስት ቀን አካባቢ አንዴ ይታጠባል፣ ጨውና ውሃም አያባክንም። ቀስ በቀስ የአንድ ቀኑን ሥራ በሦስት ቀን ጨረሰው። አንድም ቦታ አላፈሰሰም።

ቀጥሎ የሆነውን ለእርስዎ የምነግርዎ እንዲደሰቱልን ነው። ባለቤቴ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ራሷ አስፋልቱን ተሻገረችና ነርሷን የፊት ለፊቱ ፀጉር ቤት በር ላይ አገኘቻት። «መንገዱ ከራቀሽ እኔ መጣሁልሽ። አንድ ጊዜ ብቻ ታጠቢ። ካልወደድሽው ሻይ ጠጥተን በሰላም እንለያይ» አለቻት። ነርሷ አፍራ መጣች። ባለቤቴ በለመደችው ልክ መዳፏን ሙሉ ሻምፖ አፈሰሰች። አረፋው ተነሣ፤ ግንባሯን አለፈ፣ ጆሮዋን ሸፈነ፣ ከገንዳው ተርፎ ወለሉ ላይ ወረደ። ከአረፋው ሥር የነርሷ ድምፅ፣ «ጥፋቴን አምኛለሁ፣ ብቻ አታስጥሚኝ» ሲል ተሰማ። ባለቤቴ ከሳቋ የተነሣ ቧንቧውን መክፈት አቃታት።

ለስላሳ ውሃ ሌላም ጠባይ አለው፤ ታጥቦ ያለቀ ፀጉር ሳሙናው ያልለቀቀ ይመስል ያሟልጫል። ባለቤቴ አጥባ አጥባ አልጠራልሽ ሲላት፣ ባለሙያዋ ነግራኝ ነበርና ከበሩ ውጭ ሆኜ፣ «ሳሙናው ሄዷል። ያ የቀረው ፀጉሯ ነው» አልኳት። ነርሷ ደርቃ ስትነሣ መስታወቱ ፊት ፀጉሯን ወዲህ ወዲያ ወረወረችው። ከዚያ የሚቀጥለውን ቅዳሜ ሰዓት አስያዘች። እሷ ከወጣች በኋላ ባለቤቴ ሁለት እጆቿን ቧንቧው ሥር ዘርግታ ትንሽ ቆየች። ገብቼ ምን ሆንሽ ልላት ብዬ ተውኩት። ክፍሉ አልተከራየም። ዛሬ የምታፈሰው ሻምፖ የድሮውን ሲሶ ነው፤ ያለ ቀጠሮ የሚመጣውንም ሰው ትመልሳለች።

ሰባተኛ፦ ስለ አዲሱ ሹመቴ። ይህ ከተሰማ ወዲህ ጎረቤቶቻችን ውሃ በጠርሙስ እየያዙ ይመጣሉ። እኔ ወረቀት እነክራለሁ፣ ሰው እቆጥራለሁ፣ ምን ያህል ማለስለሻ እንደሚበቃቸው አሰላላቸዋለሁ፤ አማቴ ደግሞ ከጎኔ ሆነው ደም ግፊት ያለበት እንዳለ ይጠይቃሉ። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ የማላውቀው ሰው ከከተማው ሌላ ጫፍ መጣ። ማን ላከህ ብዬ ስጠይቀው «መስኮት ሰባት» አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግዬ ያላገኘሁትን የቅርንጫፍ ኃላፊነት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ያለ ማመልከቻ ስለሰጡኝ በቃላት የማይገለጽ ምስጋና አለኝ። መስኮት ሁለትም ወደ እኔ መምራት ከጀመረ ግን ወንበር ስለሚያንሰን፣ ከአዳራሽዎ ስድስት ያህል ቢልኩልን።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን ትቼ አንድ ነገር ልበል። ውሃውን አለስልሱልን አልልም፤ ጉድጓድ ጉድጓድ ነው፣ የምድርን ሆድ የሠሩት እርስዎ አይደሉም። የምለምነው አንዲት ቁጥር ብቻ ናት። በየወሩ በምትልኩልን ወረቀት ጥግ ላይ፣ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ፣ የየሠፈሩን የውሃ ጠጣርነት ይጻፉልን። ቁጥሩን ያወቀ ሰው ማግኔት አይገዛም፣ ማሞቂያው ሳይሞት ይደርስለታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንዲት ባለሙያ በውሃ ምክንያት እጄ ከዳኝ ብላ ወንበሯን በጨርቅ አትሸፍንም። እኛ ቤት ክፍሉ ሊከራይ አንድ ሳምንት ነበር የቀረው።

ይህን በአጽንዖት እየለመንኩ፣ ለመሥሪያ ቤትዎ መስኮቶች መከፈትን፣ ለመሳቢያዎችዎ መቅለልን፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜና የማይንጣጣ ማሞቂያ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

በጉድጓዱ ወገን የሚኖር፣ ሳይሾም የተሾመ የውሃ አማካሪ
የቀድሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

ግልባጭ፦
— ለባለቤቴ (አራተኛው መሰረዙን እንድታረጋግጥ)
— ለአማቴ
— ለመስኮት ሁለት፣ አራትና ሰባት፣ እርስ በርስ እንዲመራሩት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ልለጥፍ ስል፣ ሰሞኑን ከእኛ ሦስት በር አለፍ ብሎ ባለው ቤት የገቡት አዲሱ ጎረቤት እርስዎ መሆንዎን ሰማሁ፤ እንኳን ወደ ሠፈራችን በደህና መጡ። ትናንት ባለቤትዎ ባለቤቴ ዘንድ መጥተው ፀጉራቸውን ታጥበው ሄደዋል። በጣም ጥሩ ሴት ናቸው። ፀጉራቸውን እየዳሰሱ «እንዲህ ዓይነት ውሃ ከየት ነው የምታመጡት?» ብለው ጠየቁ። «ከባልዎ መሥሪያ ቤት ነው፣ ድንጋዩን እኛ አውጥተንለት» ብንላቸው ሳቁ፤ «እውነቱን ንገሩኝ» እያሉ ወጡ።